ያላየሁት ምላስ

ሥራዬ ሰው ማስተኛት ነበር። ነርስ ሆኜ ጀመርኩ፤ ከዚያ ሰመመን መስጠት ተማርኩና ዕድሜዬን በዚያው ፈጀሁት። ጡረታ ወጥቼ አገሬ መካነ ሰላም ከገባሁ ወዲህ ጎረቤቶቼ «ስንቱን አስተኝተህ አሁን አንተን ማን ያስተኛህ!» እያሉ ይስቁብኛል። እንቅልፍ እንደራቀኝ ያውቃሉ። እኔም አብሬያቸው እስቃለሁ፤ ምን አደርጋለሁ።

ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ የሽኝቴ ዕለት ነው። አዲስ አበባ በምሠራበት ሆስፒታል አዳራሽ ውስጥ ጋቢ አለበሱኝ፣ ኬክ ተቆረሰ፣ ከዚያ የክፍላችን ኃላፊ ተነስቶ «በእሳቸው እጅ የገባ ሕፃን ሁሉ በደህና ወጥቷል» አለ። ሰው አጨበጨበ። ኃላፊው አዲስ ሰው ነው፣ አይፈረድበትም። እኔ ግን ጋቢውን እንደለበስኩ አንገቴን ደፋሁ። ሰዉ በትሕትና መሰለው። ብርቱካን የምትባል ልጅ እያሰብኩ ነበር።

ወደ እሷ ከመድረሴ በፊት ግን ከየት እንደተነሳሁ ልናገር።

የመጀመሪያ ምድቤ እዚሁ መካነ ሰላም ነበር። ያኔ ኬታሚን የሚባለው መድኃኒት እንጀራችን ነው። ለምጥ እሱ፣ ለተሰበረ እጅ እሱ፣ በሬ ለወጋውም እሱ። አንድ ቀን ከወግዲ እጁ የተሰበረ ልጅ መጣ። «ምንም እንዳይበላ» ብዬ አስጠንቅቄ ነበር፤ አክስቱ ግን ልጁ ሲያለቅስባት አላስቻላትምና ቆሎ በኪሱ ከትታበት ሄደች። አስተኝቼው እጁን ሲጎትቱት ቆሎው ተመልሶ በጉሮሮው መጣ። አንገቱን ጠምዝዤ፣ በጣቴ ጠርጌ፣ በጀርባው ደብድቤ አዳንኩት። ልጁ ተነስቶ ሄደ፤ ፍርሃቱ ግን እኔ ዘንድ ቀረ። ከዚያ በኋላ ለወላጅ የማቀርበው ጥያቄ አንድ ብቻ ሆነ፤ «ምንም አልቀመሰም?» «ምንም» ሲሉኝ ደስ ይለኛል። ይህ ደስታ በኋላ ምን እንዳደረገኝ እናገራለሁ።

ቀጥሎ ደሴ ተዛወርኩ። እዚያ ነው ሙያውን በትክክል ያስተማረኝን ሰው ያገኘሁት። ጋሽ ይማም ይባላል፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ጫማው ሁልጊዜ የተወለወለ። ልጅ ሊያስተኛ ሲሄድ ቆሞ አያናግርም፤ በዚያ ረጅም ቁመቱ ወለሉ ላይ ይንበረከካል። ከዚያ የራሱን ምላስ ያወጣል። ያ የተከበረ ሽማግሌ ምላሱን እስከ አገጩ ዘርግቶ ዓይኑን ሲያፈጥ ልጁ በሳቅ ይፈርሳል፣ እሱም መልሶ ምላሱን ያወጣለታል። ጋሽ ይማም የሚፈልገው ያንን ነው። ምላሱን ያያል፣ ጠርዙን ያያል፣ «ወደ ላይ አድርገው» ብሎ ሥሩን ያያል።

«ምን እያየህ ነው?» አልኩት አንድ ቀን።

«ውሃውን። ደርቆ የመጣ ልጅ ስታስተኛው የደም ግፊቱ እጅህ ላይ ይወርድብሃል።»

«ወላጆቹን እኮ ጠይቀናል።»

«ጠይቅ፣ ማን አትጠይቅ አለህ? እናቱ ስትሳሳ ሌላ ትልሃለች፣ አባቱ ሲፈራህ ሌላ ይልሃል። አንተ ከዚያ በኋላ ምላሱን እይ። ወላሂ፣ እኔ ምላስ ሳላይ አስተኝቼ አላውቅም።»

የክፍሉ አለቃ ግን ይህን አይወድለትም ነበር። ሥራ ያጓትታል፣ ደግሞም በሆስፒታል ምላስ ማውጣት ምንድነው ይላል። ጋሽ ይማም «አብሽሩ፣ ይደረሳል» ብሎት ይንበረከካል። አለቃው ደጋግሞ ወቀሰው፤ ጋሽ ይማም ደግሞ ደጋግሞ ተንበረከከ። እኔም ልምዱን ወረስኩ። ለብዙ ዓመት ልጅ ፊት ምላሴን ሳወጣ ኖሬአለሁ፣ ባለቤቴ ፎቶ አንስታ ሳሎን ልትሰቅለው ትፈልግ ነበር።

አዲስ አበባ የሄድኩት ለልጆቼ ትምህርት ብዬ ነው። ደሞዙ ትንሽ ይሻላል፣ የቤት ኪራዩ ደግሞ የተሻለውን ይወስደዋል። የተመደብኩት ምስል የሚነሳበት ክፍል ሲሆን ጓደኞቼ አዘኑልኝ። ቢላ የሌለበት፣ ደም የማይታይበት ክፍል ውስጥ ሰመመን ሰጪ ምን ይሠራል አሉ። እኔም እንደዚያው መስሎኝ ነበር።

የአንጎሉ የደም ሥር ምስል ሊነሳ የመጣ ልጅ የሚጠየቀው አንድ ነገር ነው፤ አትንቀሳቀስ። ለልጅ ከዚህ የሚከብድ ትእዛዝ የለም። ሲቲ ስካን ከሆነ ሥራው ቶሎ ስለሚያልቅ ያለ መድኃኒት፣ በወሬ ብቻ የማሳልፋቸው ብዙ ናቸው። «አሁን መኪና ውስጥ ልንገባ ነው፣ ሾፌሩ አንተ ነህ» እለዋለሁ። ኤም አር አይ ግን ጠባብ ነው፣ እንደ ወፍጮ ቤት ይጮሃል፣ ደግሞም አያልቅም። እዚያ ትልቁን ልጅ አለማምጄ፣ ትንሹን አስተኝቼ ነው የማስገባው። ሦስተኛው በብሽሽት ቀጭን ቱቦ አስገብቶ እስከ አንገት በማድረስ መድኃኒት የሚረጭበት ነው። የደም ሥሩን ከሁሉ አጥርቶ የሚያሳየው እሱ ነው፤ ለልጅ ግን ሙሉ ሰመመን ይፈልጋል፣ ትንፋሹም በእኔ እጅ ይሆናል።

ትንፋሽ ቀላል ነገር አይደለም። ልጅ ሲያለቅስ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፤ ያን ጊዜ የአንጎሉ የደም ሥር ይጠባል። ለጤነኛ ልጅ ይህ ምንም አይደለም። የደም ሥሩ ቀድሞውኑ የጠበበበት ልጅ ግን አልቅሶ ብቻ እጁ ሊከዳው ይችላል። በማሽን ሳስተነፍሰውም ካበዛሁበት ያው ነው፤ ልጁም ይጎዳል፣ ምስሉም የሌለ ጥበት ያሳያል። ስለዚህ ለእንዲህ ያለ ልጅ ሰመመን ስመርጥ ስለ መድኃኒቱ ብቻ አይደለም የማስበው። መርፌው መቼ ይገባል፣ ማን ይያዘው፣ ሳያለቅስ እንዴት ይተኛ፣ የደም ግፊቱ እንዴት ሳይወርድ ይቆይ፤ ይህ ሁሉ ምርጫ ነው።

ብርቱካን ከመካነ ሰላም አጠገብ ካለችው ከላላ የመጣች የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች። ያመጧት አያቷ አቶ ሙላት ናቸው። እናቷ እታገኝ አረብ አገር ሰው ቤት ትሠራለች፤ ልጅቱን አያቷ ናቸው ያሳደጓት። አቶ ሙላት የአገራቸው ልጅ መሆኔን በአነጋገሬ ሲያውቁ «ዶክተር» የሚለውን ትተው «ልጄ» አሉኝ። ዶክተር አለመሆኔን ብነግራቸውም አልተቀበሉኝም ነበር፤ «ልጄ» ሲሉኝ ግን ሁለታችንም ዐረፍን።

«እጇ የሚዝልባት መቼ ነው?» አልኳቸው።

«እሳት እፍ ስትል! እፍ፣ እፍ ስትል ቆይታ ቀኝ እጇ ዝርግፍ ይላል። ስታለቅስም እንደዚሁ። ስትስቅ እንኳ አንዳንዴ። ዓይነ ጥላ ነው ብለን ጸበል አስጠመቅናት። ጸበሉ ሲቀዘቅዛት ታለቅስና ይብስባታል።»

ሐኪሞቹ የአንጎሏ የደም ሥሮች በሁለቱም በኩል እየጠበቡ መሆኑን በኤም አር አይ ጠርጥረዋል። ከውጭ አገር የሚመጡ ቀዶ ሐኪሞች ሊሠሩላት ፈቃደኞች ናቸው፤ ግን በብሽሽት በኩል የሚነሳው ጥርት ያለ ምስል ሳይኖር አይነኳትም። ምስሉ ካልተነሳ አንድ ቀን እጇ ዝሎ አይመለስም። ለማንሳት ደግሞ ማስተኛት አለብኝ።

አስቤበት መረጥኩ። እንዲህ ላለ ልጅ ከዋዜማው ጀምሮ በክንዷ ግሉኮስ እንዲገባላት ማድረግ የተለመደ ነው፣ እንዳትደርቅ። ብርቱካን ግን መርፌ ስታይ አገር ይያዝልኝ ትላለች፤ ደም ሊቀዱላት ሲሞክሩ አልቅሳ እጇ ዝሎ አይቻለሁ። ስለዚህ መርፌው ይቅር አልኩ። እስከ ጠዋት ድረስ ንጹሕ ውሃ በአፏ ትጠጣለች፣ በጭምብል እያጫወትኩ አስተኛታለሁ፣ መርፌው ከተኛች በኋላ ይገባል። ምርጫዬ ትክክል ነበር። ዛሬም ቢሆን ያንኑ ነው የምመርጠው። ግን ምርጫው በሙሉ የቆመው በውሃው ላይ ነው።

በዋዜማው ከሰዓት አልጋዋ ድረስ ሄጄ ለአቶ ሙላት ነገርኳቸው። «ከእራት በኋላ ምግብ የለም። ውሃ ግን ትጠጣ፤ ሌሊት ከነቃች ትጠጣ፣ ጠዋትም አንድ ብርጭቆ ትጠጣ።» «እሺ ልጄ» አሉ። መልሰው እንዲነግሩኝ ጠየቅኳቸው፤ አንድም ሳያጎድሉ ነገሩኝ።

ጊዜው ፍልሰታ ነበር። በአገራችን የልጆች ጾም ማለት ፍልሰታ ነው። ብርቱካን ሰባት ዓመት ሞልቷት ለመጀመሪያ ጊዜ ልትጾም የቋመጠችበት ጾም ነው፤ ከላላ ያሉ እኩዮቿ ቤተ ክርስቲያን ውለው ከቅዳሴ በኋላ ሲመለሱ እሷ በሆስፒታል ተኝታ ቀርታለች። የታመመ እንደማይጾም አያቷም ያውቃሉ፣ እሷም ተነግሯታል። ግን ያን ቀን የሚሆነው ትልቅ ነገር ነውና በባዶ አፍ ብትገባ እመቤታችን ትቀርባታለች ብላ አሰበች። «አያቴ፣ ዛሬን ብቻ ልጹም» አለቻቸው። እሳቸውም የልጃቸው ልጅ በዚያች ዕድሜዋ እንዲህ ስትላቸው አንጀታቸው ተላወሰ። እሺ አሏት፣ አብረዋትም ጾሙ። ይህን ሁሉ ያወቅሁት በኋላ ነው።

በማግስቱ ማሽኑ ተበላሸ። ጠዋት የተባለው ወደ እኩለ ቀን፣ እኩለ ቀን የተባለው ወደ ከሰዓት ሄደ። ነርሷን «እንግዲያው ውሃ ጨምሩላት» ብዬ ላክኋት፤ ብርጭቆውን ለአያቷ ሰጥታ ተመለሰች። ማሽኑ ተጠግኖ ሲጠሩን ሁሉም ተቻኩሏል። ብርቱካን በአያቷ እቅፍ ሆና መጣች፤ ሳታለቅስ፣ ዝም ብላ፣ ዓይኗን እያንከባለለች።

«ምንም አልቀመሰችም?» አልኳቸው እንደ ልማዴ።

«ኧረ በማርያም! በአፏ የዞረ ነገር የለም።»

«ጾሜአለሁ» አለች ብርቱካን ራሷ፣ ድምፅዋ ቀሰስ ብሎ።

«ጎበዝ!» አልኳት።

ደስ አለኝ እኮ! የወግዲው ልጅ ቆሎ ከስንት ዓመት በኋላ አሁንም ጉሮሮዬ ላይ ነበርና ደስ አለኝ። ምላሷን ለማየት ልንበረከክ ብዬ ነበር። ግን ምላሴን ካወጣሁላት ትስቃለች፣ ከሳቀች ትንፋሽዋ ይበዛል፣ እጇ ይዝላል ብዬ ሰጋሁ። እንዲህ ተረጋግታ መጥታልኝ ለምን እነካካታለሁ አልኩ። መረጋጋቷ የድካም መሆኑን አላስተዋልኩም። አቀፍኳት፣ ይዣት ገባሁ።

በጭምብሉ ቶሎ ተኛች። መርፌውን ለማስገባት የደም ሥሯን ስፈልግ ግን ክንዷ ላይ የለም፤ እጇ ላይ የለም፤ ሁሉም ሟሽሿል። መድረቋ ያን ጊዜ ገባኝ። የደም ግፊቷን ስለካ ወርዷል። ሰመመኑን ቀነስኩ፣ እግሯን ከፍ አደረግኩ፣ በእግሯ በኩል የደም ሥር አገኘሁና ፈሳሹን ለቀቅኩት፣ ግፊት የሚያነሳ መድኃኒት ጨመርኩ። ተመለሰ። ሐኪሙ «እንቀጥል?» ሲለኝ ማሽኑ ላይ ያለው ሁሉ ደህና ነበር፣ «ቀጥል» አልኩ። ምስሉ ግሩም ሆኖ ወጣ። እንዲያ የጠራ ምስል ብዙ ጊዜ አላየሁም።

ስትነቃ ግራ እጇን አነሳች። ቀኙ አልተነሳም። «ብርቱካን» ስላት አየችኝ፣ አፏን ከፈተች፣ ቃል አልወጣም። እንጠብቅ ተባለ። ጠበቅን። አልተመለሰም።

አልጋዋ ወዳለበት ክፍል ሮጥኩ። መስኮቱ ላይ ብርጭቆዋ ተቀምጣለች፣ እስከ አፍ ገደቧ ሙሉ። አቶ ሙላት ኮሪደሩ ላይ ቆመዋል፣ ስልክ በእጃቸው ይዘው።

«ውሃ ነው ያልኩት!» ብዬ ጮህኩባቸው። «አጠጧት ብዬ ለምኜ ነግሬዎት አልነበረም? ለምን ውሃ ከለከሏት? ልጅቷን እኮ ጎዷት!»

ሽማግሌው ወደ ስልኩ ዞሩ። ስልኩ ከእጃቸው ሊወድቅ ደረሰ፣ ከውስጡ የሴት ድምፅ «አባዬ? አባዬ፣ ምንድነው የሚሉት?» ይል ነበር። እታገኝ የልጇን መንቃት በኢሞ ቪዲዮ ልታይ እየጠበቀች ኖሯል።

በኋላ ተመልሼ ይቅርታ ልጠይቃቸው ፈልጌ ነበር። ግን ምስሉን ይዘው ወደ ቀዶ ሐኪሞቹ ሄዱ፣ ቀዶ ሕክምናው ተሠራላት፣ በሽታው ቆመ፤ ከዚያ አገራቸው ገቡ። እጇና አንደበቷ የጠፋው ጠፋ። ሆስፒታሉ ጉዳዩን መርምሮ ለወላጅ ተገቢው መመሪያ ተሰጥቷል ብሎ ዘጋው። ስለ ምላስ የጠየቀኝ የለም። ጋሽ ይማም በሕይወት ቢኖር ሌላ ነገር ሳይጠይቅ ያንን ይጠይቀኝ ነበር።

ጡረታ ወጥቼ መካነ ሰላም ስገባ መጀመሪያ ያደረግኩት ለገበያ የሚመጡ የከላላ ሰዎችን ስለ አቶ ሙላት መጠየቅ ነው። «አርፈዋል» አሉኝ። «ልጃቸው ግን ከአረብ አገር ተመልሳ እዚሁ ከተማ ቤት ሠርታለች። ልጅቱም አብራት ናት።»

ስኳር ይዤ ሄድኩ። እታገኝ በሩን ከፈተች፤ ማን መሆኔን ስነግራት ከበሩ ዘወር ብላ «ይግቡ» አለችኝ። ብርቱካን ውሃ በብርጭቆ ይዛልኝ መጣች፣ በግራ እጇ። ቁመቷ እናቷን አልፏል። ብርጭቆውን ተቀበልኩ፣ መጠጣት ግን አቃተኝ።

«ያን ቀን በስልክ የሰማሽውን ላስተካክል ነው የመጣሁት» አልኳት እታገኝን። «ውሃ እንድትጠጣ ነግሬአቸው ነበር፣ እውነት ነው። መጠጣቷን አይቶ ማስተኛት ግን የእኔ ሥራ ነበር። ሳላይ አስተኛኋት። አባትሽ ላይ መጮሄ ከድንጋጤ ነው። ጥፋቱ የእሳቸው አልነበረም።»

እታገኝ የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ ላይ ጠቀለለች።

«እኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቴን አላናገርኩትም» አለች በመጨረሻ። «ለልጅቱ ብር እልካለሁ። እሱ ሲደውል አላነሳም። ‹ልጄን በውሃ ጥም ገደልካት› ብዬ ድምፅ ልኬለት ነበር፣ ያ የመጨረሻዬ ነው። ቀብሩ ላይም አልደረስኩም። ጎረቤት ነው የነገረኝ፤ በየፍልሰታው ውሃ በብርጭቆ ይዞ ቤተ ክርስቲያን ድረስ ይከተላት ነበር አሉ። ሰው ሁሉ እየጾመ በሰው ፊት ያጠጣት ነበር።»

«አላወቅኩም ነበር።»

«የነገሩኝ ለእሱ ነበር የሚነገረው እንጂ ለእኔ አልነበረም፣ ጋሼ።»

«አዎ» አልኩ።

ብርቱካን ግድግዳውን ተደግፋ ስትሰማን ቆይታ ነበር። ቃል ከአፏ የሚወጣው በጭንቅ ነው፤ አንዱን ይዛ ሌላውን ትፈልጋለች። «ምን...» አለች፣ ቆመች፣ «ምን ቢያዩ... ኖሮ?»

«ምላስሽን» አልኳት።

እናቷን አየች፣ እኔን አየች። ከዚያ መጥታ ፊቴ ቆመችና ምላሷን አወጣች። እንደ ልጅ፣ እስከ አገጯ ድረስ፣ ዓይኗን አፍጥጣ። የምትስቅብኝ ይሁን የምታዝንልኝ አልገባኝም። እኔ ግን ጋሽ ይማም እንዳስተማረኝ ከተቀመጥኩበት ወርጄ ተንበረከክሁ፣ ጠርዙን አየሁ፣ «ወደ ላይ አድርጊው» አልኳት፣ ሥሩንም አየሁ።

እርጥብ ነበር።